ያው ነው፣ ትገባለች

መካኒኮቻችን ስለ ሞተር ሲያወሩ ስለ ከብት የሚያወሩ ነው የሚመስላችሁ። ዘይት ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያስላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይነክሳል። «ሞተሩ ነከሰ» ከተባለ ነገር አለቀ፤ ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ አልንቀሳቀስም ብሏል ማለት ነው። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከሁምቦ የተደወለልኝ ስልክ ይዞት የመጣው ወሬ ይኸው ነበር። የአጎቴ ሃይሉክስ በቆሎ ጭና ወደ ሶዶ ስትወጣ ነከሰች።

ሁምቦን ለማታውቁ፦ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ የምታገኙት ወረዳ ነው። ከተማው ጠበላ ይባላል። ቆላ ነው፣ ከታች አባያ ሐይቅ አለ፣ ስለዚህ ወደ ሶዶ መሄድ ማለት መውጣት ማለት ነው። ሙቀትና ዳገት አንድ ላይ መጥተው፣ በላዩ ላይ ራዲያተሩ የሚያንጠባጥብ ከሆነ የሞተሩ ነገር ያሳስባል። መጀመሪያ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል። ሹፌሩ «ትንሽ ልግፋበት» ካለ ደግሞ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እኛ ቤት ያቺ ሃይሉክስ መኪና ብቻ አይደለችም። በቆሎና ማንጎ ታወጣለች፣ ሲሚንቶ ታወርዳለች፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ሙሽራም ሬሳም ጭናለች። የአጎቴ ልጆች የተማሩት በእሷ ነው። ስለዚህ አጎቴ ለቅሶውን በአንድ ቀን ጨርሶ በማግስቱ ሁለት በሬ ለገበያ አቀረበ። ጊፋታ እየቀረበ ስለነበር በሬ ዋጋ አለው። ሁለቱ በሬዎች ሞተር ይሆናሉ። ሞተሩ ያልሆነ ሞተር ከሆነ ግን ሦስተኛ በሬ የለም።

«ለምን ሌላ መኪና አይገዛም?» የምትሉ አትጠፉም። በየትኛው ብር? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በእኛ አገር ድሮም መኪና አይሞትም ነበር፤ አሁን እንዲሞት ማን ይፈቅድለታል? ሞተሯ ይወርዳል፣ ሌላ ይገባል፣ ትቀጥላለች። (የእንግሊዞቹ «ቶፕ ጊር» እ.ኤ.አ. በ2003 አንዲት የ1988 ሥሪት ናፍታ ሃይሉክስን ባሕር ውስጥ ነክረው፣ በእሳት አቃጥለው፣ በሚፈርስ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሰቅለው ሕንፃውን አፈራረሱትና ተነሥታ ሄደች። ዓለም ጉድ አለ። በቆሎ ጭነው የሁምቦን ዳገት አላሳዩዋትማ!)

መካኒኩ የሶዶ ልጅ ነው። የነከሰውን ሞተር ከፍቶ አየና «ኮሎው ተበልቷል፣ ብሎኩም ተሰንጥቋል፤ ጋሼ፣ ይህን ከማደስ መለወጥ ይሻላል» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ደወለ፤ አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ነኛ። «3ኤል ፈልግልኝ። 3ኤል ብቻ!» ብሎ ዘጋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስቁማችሁ። መኪና ያላችሁም፣ የምትመኙም ይህን ብታውቁ አይጎዳችሁም። ቶዮታ ሞተሮቹን የሚጠራበት ቀላል ሰዋስው አለው። ፊደሉ የቤተሰቡ ስም ነው፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር ከልጆቹ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የአንድ ቤት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁሉም ናፍታ ጠጪ። ከሰረዝ በኋላ ቲ ከመጣ ተርቦ አለው፣ ኢ ከመጣ ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ ነው። የመኪናዋ ኮድ ራሱ ደግሞ ከየትኛው ቤተሰብ ሞተር ጋር ከፋብሪካ እንደወጣች ይናገራል። ኮፈኑን ከፍታችሁ በምታገኟት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የአጎቴ መኪና ኤልኤን106 ትላለች፤ ኤል የሞተሩ ቤተሰብ፣ ኤን ሃይሉክስ ማለት ነው። ቪትዝ የምትነዱ ደግሞ የራሳችሁን እዩ፤ ኤስሲፒ10 ከሆነች የተወለደችው በኤስዜድ ሞተር ነው፣ ኬኤስፒ90 ከሆነች በኬአር፣ ኤንሲፒ ከሆነች በኤንዜድ። ሻጩ ሌላ ቢነግራችሁ ሰሌዳዋን እመኑ።

ችግሩ የሚጀምረው ወንድማማቾቹ መልካቸው መመሳሰሉ ላይ ነው። 2ኤል 2,446 ሲሲ ነው፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል 2,986። ከውጭ ስታዩዋቸው ግን እናታቸውም የምትለያቸው አይመስለኝም። ካምቢዮው ላይ ይገጥማሉ፣ ሱፖርቶው ላይ ይቀመጣሉ። ለዚህ ነው ያገለገለ ሞተር በሚሸጥበት ሁሉ «ያው ነው፣ ትገባለች» የምትለዋን ቃል የምትሰሙት። ይህች ቃል አደገኛ የሆነችው ውሸት ስላልሆነች ነው። እውነትም ትገባለች! ትነሣለችም። ጠበላ ውስጥ ባዶዋን ስትነዷት ልዩነቱ ላይታወቃችሁ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው 10 ኩንታል ጭናችሁ ዳገቱ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ ስልክ አያነሣም።

አጎቴ መጀመሪያ ላይ «ከተለወጠስ ለምን 5ኤል አይሆንም? ትልቅ ነው» ብሎ ነበር። መካኒኩ አላስጨረሰውም። «ሊብሬህ ላይ የተጻፈውን አስብ፣ ራዲያተርህንም አስብ» አለው። አለቀ።

ሶማሌ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ለመኪና ዕቃ መርካቶ የገባ ሁሉ እግሩ እዚያ ይጥለዋል። እኔም ከዚያ ጀምሬ በየሰፈሩ ያሉ የሞተር ግቢዎችን ስዞር ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ከዱባይና ከሻርጃ በኮንቴይነር የመጡ ሞተሮች እንደ እንጨት ተቆልለዋል። ዘይታቸው ደርቋል፣ ቧንቧቸው ተቆርጧል፣ አንዳንዶቹ ላይ በነጭ ቀለም በዐረብኛ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ካየኋቸው ውስጥ ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ «ንጹሕ 3ኤል» ተብሎ ቀረበልኝ። ሻጩ በጨርቅ ጠርጎ ብሎኩ ላይ በማኅተም የተመታውን ቁጥር አሳየኝ። 3ኤል ይላል፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥሩ። ፎቶ አንሥቼ ለመካኒኩ በቴሌግራም ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ፎቶውን ተወው። ብሎኩ ጎን ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የወጣ ጎበጥ ያለ ጽሑፍ አለ። እጅህን አስገባና በጣትህ ዳብስ።»

«ቅባት ነው፤ ምንም አይታይም።»

«አትይ አልኩህ እኮ! ዳብስ።»

ዳበስኩ። በሻጩ ፊት፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ በሌላው እንደ ዓይነ ስውር ብረት እያነበብኩ። ከኤሏ በፊት ያለው ቁጥር ሁለት ሆድ ሊኖረው ይገባ ነበር። የዳበስኩት አንዲት አንገትና ከሥሯ ቀጥ ያለ እግር ነበር። 2 ናት። በማኅተም የሚመታ ቁጥር ሊፋቅና እንደገና ሊመታ ይችላል፤ ከብሎኩ ጋር አብሮ ቀልጦ የፈሰሰው ፊደል ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ሻጩን «2 ነው እኮ የሚለው» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያው ነው፣ ትገባለች!»

ሁለተኛው ነው የፈተነን። እውነተኛ 3ኤል ነበር። መሬት ላይ እንዳለ ባትሪ ሰጥተው አስነሡልኝ፤ ድምፁ እንደ አዲስ ነው፣ ዘይት አያስተፋም፣ ዋጋውም ሌላ ቦታ ከተጠራልን በግማሽ የቀረበ። የማኅተሙ ቁጥር መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ግን የሞላ ብረት የበላው ጠባሳ ብቻ አለ። ወረቀቱን ስጠይቅ «ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ገጠር አይደል የምትወስደው?» አለኝ።

አጎቴ «ግዛው» አለ። አልፈርድበትም። መካኒኩም «ሞተሩ ጥሩ ከሆነ…» ብሎ ቃሉን አንጠለጠለው። እኔ የሕግ ነገር አነሣሁ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ (ቁጥር 681/2002) አለ፣ የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚሰፍር ነው፣ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ መርማሪው ቁጥሩን ያያል፣ ካልገጠመ ቦሎ የለም፣ ሞተር መለወጡን ለማስመዝገብ ደግሞ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይጠየቃል። አጎቴ አዳምጦኝ ሲያበቃ «መርማሪውን ለእኔ ተወው» አለ። የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ፤ አዋጅ ስትጠቅሱለት መላ ነው የሚታየው።

ስልኩን የቀማችው አክስቴ ናት።

«ስማኝ ልጄ፣ በሬዎቹን ገበያ ስንወስዳቸው የማን እንደሆኑ የሚመሰክር ሰው አቁመን ነው የሸጥነው። በሬ እንኳን ያለ ምስክር አይሸጥም። ያንን ብረት ‹የማን ነበር?› ብለው ሲጠይቁን ምን እንላለን? ባለቤቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢያገኘን ምን እንለዋለን?»

«እትዬ፣ ልዩነቱ ብዙ ብር ነው።»

«የቅቤው ዕቁብ ደርሶኛል።»

ለወላይታ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ወንዶቹ ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤው። ጊፋታን ያለ ቅቤ ማሳለፍ ገና ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ነገር ነው። አክስቴ ያንን ብር ነው ቁጥር ላለው ሞተር የሰጠችው። አጎቴ ከጀርባዋ የሆነ ነገር ሲል ሰማሁ፤ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሦስተኛው ከሚኒባስ የወጣ 3ኤል ነው። ቁጥሩ ይነበባል፣ የዳበስኩትም የማኅተሙም አንድ ናቸው፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውም ያው ነው። ፑሊውን በቁልፍ ይዤ ሳዞረው ያለ መጋፋት ዞረ። ደረሰኝ ተቆረጠ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ሶዶ፣ ከሶዶ ጠበላ።

መግጠሙ አጎቴ ጓሮ ነው የተካሄደው። ጋራዥ ማስገቢያ ብሩ ሞተሩ ላይ አልቋል። 200 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ብረት ለማንሣት ልጆቹ ፓራንኮውን ማንጎው ላይ ሊሰቅሉ ሲሞክሩ መካኒኩ ጮኸ። «ማንጎ ፍሬ ነው የሚሸከመው!» ከተራራው እንጨት መቁረጥ ደግሞ አይታሰብም። የሁምቦ ተራራ ታሪክ ያለው ተራራ ነው። ተራቁቶ ነበር፤ ኅብረተሰቡ ከዎርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታሩን ከልሎ፣ መሬት ውስጥ ሕያው ሆነው የቀሩትን ጉቶዎች እየገረዘና እየተንከባከበ ደን መለሰበት። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክም ደኑ ያመቀውን ካርቦን ገዛ። እንግዲህ ካርቦን ከሚሸጥ ተራራ ሥር ተቀምጠን ነው ጭስ የሚተፋ የናፍታ ሞተር የምንገጥመው። (ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔም ብያለሁ።) ለማንኛውም ሦስት የጓሮ ባሕር ዛፍ ቆርጠን፣ ጫፋቸውን በሰንሰለት አስረን፣ እንደ ጎጆ ምሰሶ አቆምናቸውና ፓራንኮው እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ በኋላ ጓሮው ጣሊያንኛ መናገር ጀመረ። ጣሊያን 5 ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ገብተው ቀሩ። ካቻቢቴ አምጣ፣ ዳዶውን ያዝ፣ ቡሎኑ የታል፣ ፍሪሲዮኑን አጽዳ፣ ሞተሪኖውን ፍታ፣ ጓርኒሲዮኑን እንዳትቀደው! አጎቴ ጎረቤቱን በወላይትኛ ያዛል፣ መካኒኩ ልጆቹን በጣሊያንኛ ያዛል፣ እኔ መሃል ቆሜ በአማርኛ ተሳስቼ ቁልፍ 12 ስባል 14 አቀብላለሁ። ቡሎኖቹ በቲማቲም ቆርቆሮ በየወገናቸው ተለዩ። አክስቴ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በከሰል ምልክት አድርጋለች፤ ዶሮ የገለበጠው አንዱን ብቻ ነው።

መካኒኩ አዲሱን ሞተር ከማስገባቱ በፊት ቴስታታውን አወረደ፤ ጓርኒሲዮኑን ሳልለውጥ አላስገባም አለ። ካሊፐሩን አውጥቶ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሲያሳርፍ ግቢው ጸጥ አለ። 2ኤል ከሆነ 92 ሚሊ ሜትር ነው፣ 3ኤል 96፣ 5ኤል 99.5። ከሁለት በሬና ከአንድ ዓመት ቅቤ ጋር የሚመዘነው ነገር 4 ሚሊ ሜትር ነው! ካሊፐሩን ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበ።

«96።»

አጎቴ ተቀመጠ። የነበረው ወንበር ላይ አይደለም፣ መሬት ላይ።

የሚኒባስ ሞተር ሃይሉክስ ላይ እንዲሁ አይቀመጥም። የዘይቱ ኮፓ ቅርጹ ሌላ ነው፤ የእኛዋ ከፊትም ዲፈረንሻል ስላላት ኮፓው እሱን ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ የነከሰው አሮጌ ሞተር ኮፓውን፣ ዘይት መሳቢያውንና ሱፖርቶዎቹን ለተተኪው አወረሰ። ቺንጋውም ተለወጠ። ኤል ሞተር በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ሊለወጥለት የሚገባ የጥርስ ቺንጋ አለው፤ ይህኛው ስንት እንደሄደ ደግሞ የሚያውቅ የለም፣ ከተበጠሰም ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። የኤሌክትሪኩ ሥራ ቀላል ነበር። 3ኤል ኮምፒውተር የለውም፣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፣ ቁልፉን የሚያውቅ ቺፕ የለውም። በጓሮ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ዘመናዊዎቹን ኮመን ሬል ናፍታዎች በሦስት ባሕር ዛፍና በከሰል ምልክት የሚሞክር ካለ ጀግና ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በናፍታ ማጣሪያው ላይ ባለችው የእጅ ፓምፕ አየሩ ወጣ። አንድ ጊዜ ተሞከረ፤ የለም። እንደገና፤ አንድ ነገር አስነጠሰና ተወው። በሦስተኛው ነጭ ጭስ ማንጎውን እስኪሸፍነው ተፋና ተነሣ። ልጆቹ ጮኹ፣ አክስቴ እልል አለች፣ መካኒኩ ግን ጆሮውን ካቻቢቴው ጫፍ ላይ አድርጎ ሞተሩን ያዳምጥ ነበር። «ባዶዋን አትሞክሯት» አለ። «ጫኗት።» በማግስቱ በቆሎ ተጭና ሶዶ ወጣች። ዳገቱን ስንጨርስ አጎቴ የሙቀቱን መርፌ እንጂ መንገዱን ሲያይ አላየሁትም። መሃል ላይ ቆማለች።

የጊፋታ ዕለት ቅቤው ከወትሮው ያነሰ ነበር። ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ጎረቤቶች ግን በየተራ አንድ አንድ ሣህን ይዘው ይገቡ ነበር። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ለበዓል ከመጡት ግማሹን ያመላለሰቻቸው ያቺው መኪና ናት።

ወረቀቱ የተጨረሰው ከበዓሉ በኋላ ነው። ሊብሬው የተሰጠው በቀድሞው የደቡብ ክልል ነው፤ ያ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፈርሶ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ሊብሬው ላይ ያለው ክልል የለም፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሞተር የለም፣ የቀረው ሻንሲው ብቻ ነው። ሠራተኛው ዲክላራሲዮኑንና ደረሰኙን ገለጠ፣ ወጥቶ ኮፈኑ ሥር ጎነበሰ፣ ጨርቅ ጠየቀ። አክስቴ ነጠላዋን ልትሰጠው ስትል አጎቴ ሸሚዙን አወለቀ። ቁጥሩን ጠርጎ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ፤ አክስቴ ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን ይዛ ትከታተለው ነበር።

አሮጌው ብሎክ አሁንም ማንጎው ሥር ነው፤ አንዲት ዶሮ ሲሊንደሩ ውስጥ ልትፈለፍል ሞክራ ተዋጭቶባታል። ባለፈው ወር አንድ ሰው ከአርባ ምንጭ መጥቶ ቴስታታውን፣ ቢሰነጠቅም አስበይደዋለሁ ብሎ፣ ሊገዛ ጠየቀ። «ሞተርህ ምንድን ነው?» አለው አጎቴ።

«ያው ነው።»

«ሂድና ዳብሰህ ና» አለው።